እንደ መስቀል በሬ የተከፋፈለው ሞተር

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ፣ ሐጂ ሙዘሚል ጋራዥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ዕቃ ማጠብ ነበር። ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ነጭ ጋዝ ቀዱልኝ፣ ብሩሽ ሰጡኝና «ጠቁሮ የገባው ሁሉ ነጥቶ ይውጣ» አሉኝ። ከቡኢ ስመጣ እናቴ የገዛችልኝ አዲስ ሸሚዝ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጉድ ሆነ። ግን አልከፋኝም። በዚያ ዘመን የጋራዥ ሠራተኛ መባል በእኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነበር፤ እናቴ ገና ሳልሄድ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳዋለች።

ሐጂ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው በሽታውን ይነግሩሃል። በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የያዙትን ፒንሳ በድንገት አስቀመጡና «ድሬሰሩ መጣ፣ ቦታ ልቀቁ» አሉ። እኔ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ቆይቶ ከወደ ገበያው በኩል ድም፣ ድም፣ ድም እያለ ቀስ ብሎ የሚመታ ድምፅ መጣ። ሌላው ሞተር ይጮሃል፤ ይሄኛው የሚራመድ ነው የሚመስለው።

ድሬሰር ሽብሩ የእነሞር ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ጉንችሬ ነው። ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞሩ መርፌ የሚወጉት፣ ቁስል የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። ገጠር ያሉ እናቶች ያንን ድም ድም ሲሰሙ የታመመ ልጃቸውን አቅፈው ወደ መንገድ ይወጣሉ። ሞተር ብስክሌቱን የገዙት እንጨት መሰንጠቂያ ከነበረው አንድ ጣሊያን ላይ ነው፤ ሰውዬው አገሩ ሊገባ ሲል። ሰርባቶዮው፣ የቤንዚን መያዣው ማለቴ ነው፣ ቀይ ነው። ሲሊንደሩ እንደሌላው ሞተር ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ፊት ተጋድሟል። በጎኑ ደግሞ ትልቅ ክብ ብረት ከውጭ ይሽከረከራል። እንዲህ ያለ ሞተር ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም በመላው ጉራጌ አገር ሁለተኛ አላገኘሁም።

አፌን ከፍቼ ስመለከት ሐጂ «ዝንብ ሳይገባብህ ዕቃህን እጠብ» አሉኝ። ዕቃዬን አጠብኩ፤ ዓይኔ ግን እዚያው ቀረ። አንድ ቀን ይህን ሞተር በእጄ እፈታዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ፈታሁትም። አፈታቱ ግን እንደተመኘሁት አልሆነም።

በእኛ ሙያ ማዕረግ በወረቀት አይሰጥም። መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ ነህ። ቀጥሎ የብሎን መፍቻ ቁልፍ አቀባይ ትሆናለህ፤ «አሥራ ሦስት» ሲሉህ አሥራ አራት ካቀበልክ ቁልፉ ወደ አንተው ተወርውሮ ይመለሳል። ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ መካኒክ። መካኒክ መሆንህን የምታውቀው ሐጂ የሠራኸውን መጥተው ሳያዩ ለባለቤቱ «ውሰደው» ያሉ ቀን ነው።

ለእኔ ያ ቀን የመጣው በዚሁ በቀዩ ሞተር ነው። ፑንቲናውን፣ እሳት የምትቆራርጠውን ትንሿን ብረት፣ አስተካክዬ አስነሣሁት። ሐጂ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ድምፁን አዳመጡና «ሽብሩ፣ ውሰደው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። የሐጂን ያህል ግን አንዱም ደረቴን አላስነፋኝም።

ድሬሰሩ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ዘርጋ፣ ቀጥሎ ሳህሌ፣ የመጨረሻዋ አስካለ። ጋራዥ ሲመጡ ከኋላ አስቀምጠው የሚያመጧት አስካለን ነበር። የልጅቱ ጥያቄ አያልቅም። ይሄ ምን ይሠራል፣ ያ ለምን ይንጠባጠባል፣ ይሄ ቢወልቅ ምን ይሆናል። እኔ መመለስ ሲሰለቸኝ አባቷ ይመልሱላታል። ትንሽ ከፍ ስትል ሰው በሌለበት ሜዳ መንዳት እንዳስተማሯት ሰምቼ ስቄ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ድሬሰሩ አረፉ። ሐዘኑ ሳይወጣ ሁለቱ ወንድማማቾች በሞተሩ ተጣሉ። ዘርጋ በኩር ነኝና የእኔ ነው አለ። ሳህሌ አባቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ አለ። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ፣ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰየሙ። ለአንዱ ቢሰጡት ሌላው ሊያኮርፍ ነው። ይሸጥ ሲሉ ደግሞ እናትየዋ እማማ ዘነበች «የባሌን ድምፅ አትሽጡብኝ» ብለው አለቀሱ።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ ሞተሩ ተፈቶ ይከፈል ብለው ፈረዱ። ብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ከነማርሽ ሳጥኑ፣ ለዘርጋ። ሁሉን የሚሸከመው ብረት፣ ቴላዮው፣ ከሰርባቶዮውና ከጎማዎቹ ጋር ለሳህሌ። ስትታረቁ ትገጥሙታላችሁ፣ እስክትታረቁ ማንም አይነዳውም አሉ። አሁን ሳስበው ብልህ ፍርድ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። እሱን ያወቅነው ብዙ ዘግይተን ነው።

ፈቺ ሲፈለግ ሐጂ እኔን ላኩኝ። የመስቀል በሬ ሲከፋፈል እንደሚደረገው ሣሩ ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጠፈልኝ። አንድ በአንድ እየፈታሁ ደረደርኩ፤ በቀኝ የዘርጋ፣ በግራ የሳህሌ። ካርቡራተሩን ግን መሐል ላይ አኖርኩት። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው እሱ ነው፤ መዳፍ የሚሞላ ዕቃ ቢሆንም ያለሱ ሞተሩ ትንፋሽ የለውም። የሚታሠረው ብሎኩ ላይ ስለሆነ ዘርጋ የእኔ ነው አለ። ቤንዚኑ የሚመጣለት ከሰርባቶዮው ነው ብሎ ሳህሌም የእኔ ነው አለ። ክርክሩ ሳይቋጭ ምሳ ቀረበና ሁላችንም ተነሣን። ስንመለስ ካርቡራተሩ ቅጠሉ ላይ የለም።

ዘርጋ ወደ ሳህሌ ዞረ፣ ሳህሌ ወደ ዘርጋ። ሁለቱም ማሉ፣ ሁለቱም አልተማመኑም። እኔም ተፈተሽኩ። የዕቃ ሳጥኔ ሰው ሁሉ ፊት ተገለበጠ፣ ኪሴ ተዳበሰ። እኔ ተካ፣ የሰው ብሎን ኪሴ ገብቶ የማያውቅ ሰው። በንዴት ዕቃዬን ለቃቅሜ ደህና ዋሉ ሳልል መኪና ተሳፈርኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የጉንችሬ ሰው ቡታጅራ ሲመጣ ሌላ ጋራዥ ይሄድ ነበር። አንዳንዱ ፊት ለፊት «ካርቡራተሩን ምን አደረግኸው» ብሎ ይቀልድብኛል። እኔ ግን ቀልዱን አልወደውም ነበር።

ወንድማማቾቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመስቀል አንድ ገበታ ላይ አልቀረቡም። አንዱ ቀድሞ መጥቶ እናቱን ስሞ ይሄዳል፤ ሌላው እሱ መሄዱን አጣርቶ ይመጣል። ጉራጌ ለመስቀል የትም ቢሆን ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። የአንድ እናት ልጆች በዚያ ቀን ሲሸሻሹ እናትየዋ ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ሐጂ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ከጊዜ በኋላ የቻይና ሞተር አገሩን ሞላው። ጥሩ ነው፣ እንጀራችን ነው፣ አልንቀውም። እኔ የምታወቀው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ስቶር ውስጥ የተረሳ አሮጌ ሞተር በማስነሣት። ቆሼ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ የቼኮች ሥሪት አግኝቼ አስነሥቻለሁ። ባለቤቱ ዶሮዎቹ ወዴት ይሂዱ ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ወልቂጤ መጋዘን ውስጥ በአሮጌ ወንበር ተቀብሮ የነበረ የምሥራቅ ጀርመን ሞተርም አለ፤ ዛሬ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል። ጉራ አትበሉኝ። ጉራም ቢሆን ሠርቼ ነው።

ቀዩ ሞተር ግን ከልቤ አልወጣም። ያስነሣሁት ሁሉ ተቆጥሮ፣ የፈታሁት አንዱ ሳይገጠም መቅረቱ ያንገበግበኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እማማ ዘነበች አስጠሩኝ። ጉንችሬ ስደርስ በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። በድምፄ አወቁኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«ተካ፣ የፈታኸው አንተ ነህ፣ አንተው ግጠመው» አሉኝ። «ልጆቼን በአንድ ጣባ ክትፎ ሳላበላ ብሞት ዓይኔ አይከደንም።»

ካርቡራተሩ እንደሌለ አስታወስኳቸው። ያለውን ግጠም፣ የሌለውን እግዜር ያውቃል አሉ። እምቢ የምልበት አንደበት አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ልቤም እምቢ ማለት አልፈለገም።

ብሎኩ እዚያው ጉንችሬ፣ ዘርጋ ዘንድ ነበር። ዘርጋ ዛሬ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፤ ብሎኩን ግን ያስቀመጠው በአሮጌው ሣር ቤት፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነው። ስናወርደው ጥላሸት ለብሶ ብረት መሆኑ እንኳ አይለይም። በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ከሥሩ ያለው ብረት ዝገት የሚባል አልነካውም። ያ ሁሉ ዓመት የጠጣው የምድጃ ጭስ እንደ ቅባት ሸፍኖ አኑሮታል። ጥላሸቱን ስስም ዘርጋ ያበድኩ መሰለው። ሲያስረክበኝ ካርቡራተሩን ከሳህሌ ተቀበል አለኝ፤ የወንድሙን ስም የጠራው ፊቱን አዙሮ ነው።

የሳህሌ ድርሻ ወልቂጤ ነበር። እሱ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ሆኗል። ቴላዮው መጋዘኑ ውስጥ ዝናብ በሚያፈስበት ጥግ ቆሞ ኖሮ ዝገት በልቶታል። የሰርባቶዮው ሥር እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ቀይ ቀለሙ ግን ከላይ አለ። ሳህሌ አቧራውን በመዳፉ ጠረገና ትንሽ ቆሞ አየው። እሱም ካርቡራተሩን ከዘርጋ ተቀበል አለኝ። ሁለቱም ለእናታቸው ሲሉ ሰጡኝ እንጂ አንዳቸው ለሌላው አልራሩም።

ቡታጅራ አምጥቼ ሥራ ጀመርኩ። ጥላሸቱን በነጭ ጋዝ አጠብኩ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን በብሩሽ። ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለውን በማርቴሎ፣ በመዶሻ፣ ይመቱታል፤ ያን ጊዜ ነው ሲሊንደር የሚሰነጠቀው። እኔ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅዬ አፈሰስኩና ተውኩት። በየጠዋቱ ያንን ክብ ብረት በእጄ ትንሽ እሞክረዋለሁ። አንድ ጠዋት እሺ አለኝ። ሰርባቶዮውን ከሥሩ ቆርጬ አስበየድኩት፣ የላዩን ቀለም ግን ማንም እንዳይነካው አዘዝኩ። የመንኮራኩሩን ራጅዎች፣ ቀጫጭን ዘንጎቹን፣ አንድ በአንድ አውጥቼ አስተካከልኩ። ፍሪሲዮኑን አደስኩ። ብሎኩ ቴላዮው ላይ ሲቀመጥ ብሎኖቹ በቀዳዳቸው ገቡ፤ ደስታዬን የማካፍለው ሐጂ ባለመኖሩ ከፋኝ።

ካርቡራተሩስ? የቻይናውን አስተካክዬ ገጠምኩለት። ይነሣል፣ ግን ያስላል። ቤንዚን ስትሰጠው ይታነቃል፣ ስትቀንስበት ይጠፋል። ያ ድም ድም የለም። እማማ ዘነበች ጆሯቸው ደህና ነው ብያለሁ፤ ይህን ድምፅ ይዤ እሳቸው ፊት አልቀርብም አልኩና ነቅዬ ጣልኩት። መስቀል ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ነኝ። በዚያ ሰሞን የቀረበኝን ሰው ሁሉ እሳደብ ነበር።

አስካለ አሁን ሲስተር አስካለ ናት፣ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። ገጠር የምትወጣበትን የመሥሪያ ቤት ሞተር ለዓመታት የምጠግነው እኔ ነኝ። አነዳዷን እወድላታለሁ፤ ማርሽ አታስጮህም። ያን ሰሞን ፍሬን ልታስጠብቅ መጣች። ቀዩን ሰርባቶዮ ስታይ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ቆማ ቀረች። እጇን ጫነችበት። ማን አዘዘህ አለችኝ። የእናቷን ቃል፣ የጣባውንም ነገር ነገርኳት። ስለ ካርቡራተሩም አማረርኩ፣ ወንድሞችሽ እርስ በርስ ተደባብቀው ጉድ ሠሩኝ አልኳት። ፍሬኗን አስጠብቃ ሄደች።

በማግሥቱ በጤና ጣቢያ ፋሻ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ፈታችው። በቫዝሊን የተለቀለቀ፣ እንደ አዲስ የሚያበራ፣ ያ በእጄ ያስቀመጥኩት ካርቡራተር። አጠገቤ ያለ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ለዘርጋ ብሎክ ሰጡት፣ ለሳህሌ ቴላዮ ሰጡት» አለች። «እኔን አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ድርሻዬን አነሣሁ።»

ተቆጣሁ። አንቺ ድርሻሽን ስታነሺ እኔ ሌባ ተባልኩ፣ ሳጥኔ ተገለበጠ አልኳት። የምለውን ሁሉ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ለእሱ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጋሽ ተካ። በልጅነቴ ፈርቼ ነው፣ ካደግሁ ወዲህ ግን ተናድጄ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ቫዝሊን ስቀባው ዘንድሮ እንኳ ይጠይቁኛል እል ነበር። ማን ጠየቀኝ? አንተስ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሞተሬን ስትሠራ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ያን ቀን የወንዱ ሁሉ ኪስ ተፈትሿል፣ የእኔ ሳጥን ተገልብጧል፣ ሣሩ ሳይቀር ተበጥሯል። ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ግን እዚያው ቆማ ነበር፤ አንድም ሰው አንቺስ አላላትም። ቁጣዬ እንዴት እንደጠፋ አላውቅም። ካርቡራተሩን አጥቤ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋሁ። ልገጥመው ስል እጄን ያዘችኝ። እዚያ፣ ጀፎረው ላይ፣ እኔ ራሴ እገጥመዋለሁ አለች።

በመስቀል የእርድ ቀን ሞተሩን በፒክአፕ ጭነን ጉንችሬ ገባን። እማማ ዘነበች ለሁለቱም ወንዶች ልጆቻቸው በተመሳሳይ ሰዓት ኑ ብለው ልከውባቸዋል። ጀፎረው ከአዲስ አበባም ከጅማም በመጣ ሰው ሞልቷል። ሣሩ ላይ የእንሰት ቅጠል አስነጠፍኩና ሞተሩን አቆምኩት። ዘርጋ በአንድ በኩል ቆመ፣ ሳህሌ በሌላ በኩል፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ዘርጋ ጎንበስ ብሎ ብሎኩን አየና ባዶውን የካርቡራተር ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎ ሳህሌን አየ።

አስካለ መሐላቸው ገብታ ፋሻውን ፈታችና ካርቡራተሩን ቅጠሉ ላይ አኖረችው። እኔ ያን ጊዜ ያኖርኩበት ቦታ ላይ፣ መሐል ላይ።

የዘርጋ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እኛ ደም እንደተቃባ ሰው ስንሸሻሽ፣ አንቺ…» ብሎ ጀመረ። እናቱ አላስጨረሱትም።

«ሦስት ወለድኩ» አሉ። «ለሁለት ስታካፍሉ እኔም ተቀምጬ አየሁ። አሁን ዝም በል።»

አስካለ ተንበረከከችና ሥራዋን ጀመረች። ዓይኗን ከብሎኑ ላይ ሳታነሣ «አሥራ አንድ» ብላ እጇን ዘረጋች። ለእኔ መስሎኝ ሳጥኔን ስከፍት ዘርጋ ቀደመኝ። ጎንበስ ብሎ አንድ ቁልፍ አነሣና አቀበላት። አየት አድርጋ መለሰችለት፤ አሥራ ሁለት ነበር። መጀመሪያ የሳቀው ሳህሌ ነው። ቀጥሎ ዘርጋ ራሱ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ሳህሌ ትክክለኛውን ፈልጎ ሰጣት፤ እጁንም የወንድሙ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

ቤንዚኑን ከፈተች፣ መርገጫውን ረገጠች። ዝም አለ። ልረዳሽ ልል ስል በዓይኗ አቆመችኝ። ክብ ብረቱን በእጇ ትንሽ ወደ ኋላ መለሰችና፣ ልክ አባቷ ያደርጉት እንደነበረው፣ እንደገና ረገጠች። ድም። ድም። ድም፣ ድም፣ ድም።

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዳር ቤት አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ምን እንደተፈጠረ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ወደ ቤት ውስጥ ተጣሩ።

«ልጁን አውጡት፣ ድሬሰሩ መጣ።»

አስካለ ዘርጋን ከኋላ አስቀምጣ ጀፎረውን ከዳር እስከ ዳር ነዳችው። ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን ወገቧን ይዞ። ስትመለስ ሳህሌ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ሦስቱም ገብተው ከአንድ ጣባ በሉ፣ እኔም አብሬ በላሁ። የጉንችሬ ሰው አሁን ወደ እኔ ጋራዥ ይመጣል።

ለእናንተ በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይሄው ነው። የውርስ ሞተር ሲመጣልኝ ቁልፍ ሳላነሣ ሟቹ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ሴቶቹም የት እንዳሉ እጠይቃለሁ። ዕቃ ሲጎድል ሱቅ አልሄድም፤ መጀመሪያ ሴት ልጆቹን አነጋግራለሁ።